የሃርድዌር ተስማሚነት ምንድን ነው?

የሃርድዌር ተስማሚነት ማለት ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዝ ዕቃ፣ ፕሪንተርም ይሁን ስካነር ወይም የዋይፋይ ዶንግል (ዋይፋይ ለማግኘት ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ)፣ ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋር ተግባብቶ መሥራት መቻሉ ነው። የሚያግባባቸው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ የሲስተሙን ትእዛዝ ዕቃው ወደሚረዳው ቋንቋ ይመልሳል። ለዊንዶውስ ድራይቨሩን አብዛኛውን ጊዜ አምራቹ ራሱ ያቀርባል፤ እንደ ሊኑክስ ባሉ ክፍት ምንጭ (ምንጭ ኮዳቸው፣ ማለትም ፕሮግራመሮች የጻፉት ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ) ሲስተሞች ግን አንዳንዱ አምራች ይጽፋል፣ ሌላው የዕቃውን አሠራር የሚገልጽ ሰነድ ይሰጣል፣ ሁለቱንም ካላደረገ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ዕቃው ከዊንዶውስ ጋር የሚለዋወጠውን መልእክት በትዕግሥት እየመረመሩ ቋንቋውን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ስለዚህ ዋናው ነገር ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ሳይሆን በውስጡ ያለው ቺፕ ነው። ደብረ ብርሃን ለሚገኝ አንድ የጽሕፈት ቤት ሁለት የዋይፋይ ዶንግሎች ገዝተን ነበር፤ ካርቶናቸውም ሞዴላቸውም አንድ ነው። አንዱ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ እንደተሰካ ሠራ፤ የሌላው ትንሿ መብራት እንኳ ብልጭ አላለችም። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ከፍተን፣ የተሰኩትን የዩኤስቢ ዕቃዎች የሚዘረዝረውን «ኤልኤስዩኤስቢ» (lsusb) የሚለውን ትእዛዝ ስንሰጥ ምክንያቱ ታየ። እያንዳንዱ የዩኤስቢ ዕቃ የአምራችና የምርት መለያ አለው፤ ሁለቱም ቁጥርና ፊደል የሚቀላቀልባቸው፣ 4 ሆሄ ያላቸው ናቸው። የዶንግሎቹ የምርት መለያ ይለያያል፤ አምራቹ ስሙን ሳይቀይር ቺፑን ቀይሮታል ማለት ነው። ሊኑክስ ደግሞ ድራይቨር የሚመርጠው በስም ሳይሆን በእነዚህ መለያዎች ነው።

ኪቦርድ፣ ማውስና ፍላሽ የጋራ ደረጃ ስላላቸው ብዙም አያሳስቡም። የሚያስቸግረው ፕሪንተር ነው፤ የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄን የጀመረው ሪቻርድ ስቶልማን እንኳ፣ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የሌዘር ፕሪንተሩን ፕሮግራም ምንጭ ኮድ መከልከሉን ከመነሻዎቹ አንዱ አድርጎ ይጠቅሰዋል። አንዳንድ ርካሽ ሌዘር ፕሪንተሮች ገጹን የማዘጋጀቱን ሥራ ለኮምፒውተሩ ትተው የአምራቹን የብቻ ቋንቋ ብቻ ይሰማሉ፤ ድራይቨር ካልተጻፈላቸው ሊኑክስ ላይ ወረቀት አይስቡም። ፖስትስክሪፕት ወይም ፒሲኤል የተባሉትን በሰፊው የሚታወቁ የኅትመት ቋንቋዎች የሚያውቁት ግን በቀላሉ ይሠራሉ፤ ኤርፕሪንት የተባለውን ያለ ልዩ ድራይቨር የማተሚያ ዘዴ የሚቀበሉትን አዳዲሶቹንም ከፕስ የተባለው የሊኑክስ የኅትመት ሥርዓት ያስተናግዳቸዋል።

ዕቃ ለማስለወጥ እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ለሚገደድ የደብረ ብርሃን ገዢ፣ እኔ የምመክረው ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሣ ኡቡንቱ ይዞ ሱቅ መግባትን ነው፤ የሱቁን ኮምፒውተር በባለቤቱ ፈቃድ በዚያ አስነሥቶ፣ ፕሪንተሩን ሰክቶ፣ አንድ ገጽ አሳትሞ ከዚያ ገንዘቡን ይክፈል።