የከንፈር ምች ከዳነ በኋላ የሚወጣው ሽፍታ

ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ቁስሉ ደርቆ ሊረሳው ሲል፣ ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላ አንዳንዴ የእጁ ጀርባ በክብ ሽፍታ ሊሞላ ይችላል። መሐሉ የጠቆረ፣ ዙሪያው የፈዘዘ፣ ጠርዙ የቀላ፤ የተኩስ ዒላማ የሚመስል። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ወደ ወይን ጠጅ ስለሚያደላ ብዙ ጊዜ ይሳታል። ሐኪሞች ኤሪቲማ መልቲፎርም ይሉታል።

«ምች የፀሐይ በሽታ ነው።» ግማሹ እውነት ነው። መነሻው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የተባለ ቫይረስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ይገባና በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ፀሐይ፣ ትኩሳትና ድካም ይቀሰቅሱታል። እናቶቻችን ቀስቃሹን በትክክል አይተዋል፤ ያላዩት አድፋጩን ነው።

«ምቹ ወደ እጅ ወርዷል፤ እንዳትነኩት!» ይህኛው ሰውን ያለ ጥፋቱ ያገልላል። እጅ ላይ የሚደርሰው የቫይረሱ የዘረመል (ዲኤንኤ) ቁርጥራጭ ነው። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ቁርጥራጩን ጠላት ብለው ሲዘምቱበት የተሸከመውን ቆዳ አብረው ያቆስላሉ። ስለዚህ ሽፍታው የውጊያው ፍርስራሽ ነው፤ በመጨባበጥ አይተላለፍም። የሚተላለፈው የከንፈሩ ቁስል ነው። ምች የወጣበት ሰው አራስ ሕፃን መሳም የለበትም፤ ለጨቅላ ሕፃን ቫይረሱ ሕይወት እስከ መቅጠፍ ይደርሳል።

«የዋጥኩት ክኒን ነው ያሳከከኝ።» አንዳንዴ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና የዚህ ሽፍታ ዋነኛ መንስኤ ኢንፌክሽን ነው። ከሄርፒስ ሌላ ማይኮፕላዝማ የተባለው የሳንባ ምች ባክቴሪያም፣ በተለይ በልጆች ላይ፣ ተመሳሳይ ነገር ያመጣል። ደረትና ጀርባ ላይ ተስፋፍቶ ቆዳው ከተላጠ፣ አፍና ዓይን ከቆሰለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መድኃኒት የሚቀሰቅሰው አደገኛ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

«ዳማከሴ አጠፋልኝ።» በዳማከሴ ቡና ከማንም ጋር አልጣላም። ግን ሽፍታው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል፤ ምስጋናውን የሚወስደው በዚያ ሰሞን የተቀባው ሁሉ ነው። የተላጠ አፍና ዓይን ውስጥ ግን አይጨመቅ።

አሲክሎቪር የተባለውን የሄርፒስ ቫይረስ መድኃኒት ሽፍታው ከወጣ በኋላ የሚገዙም አሉ። በዚያን ጊዜ እምብዛም አይረዳም። በዓመት ደጋግሞ ለሚመላለስበት ሰው ግን ሐኪም በየቀኑ ለወራት እንዲወስደው ሊያዝለት ይችላል፤ ቫይረሱ ሳይነሳ ሲቀር ሽፍታውም ይቀራል።