በእጅ ምልክት የሚታዘዙ ዕቃዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምፒውተር፣ ቲቪና መብራት በእጅ ምልክት የሚያዙ ሰዓቶች፣ አምባሮችና ጓንቶች ወሬያቸው ከራሳቸው ቀድሞ ደርሷል። ወሬው ደግሞ ግማሹ ማስታወቂያ፣ ግማሹ ፊልም ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እያነሳሁ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ገና ትናንት የመጣ ነገር ነው»

ኧረ ቆይቷል። በ1989 ማቴል የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ለኒንቴንዶ ጌም የሚሆን ፓወር ግላቭ የሚባል ጓንት ሸጧል። ጓንቱ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይለቃል፤ ቲቪው ላይ የሚገጠሙ ሦስት መቀበያዎች ድምፁን እየተቀበሉ እጁ የት እንዳለ ያሰላሉ። የጣቶችን መታጠፍም ይለካል፣ ከትንሿ ጣት በስተቀር። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ መጫወቱ ግን ፈተና። ጌሞቹ ከሞላ ጎደል የተሠሩት ለቁልፍ እንጂ ለጓንት አልነበረማ! በ2000 ደግሞ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታድ ስታርነርና ባልደረቦቹ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መሣሪያ ሠሩ። ደረት ላይ ሆኖ ከፊቱ ያለውን እጅ እያየ የቤት ዕቃ ያዛል።

«ካሜራ ያየናል»

አንገት ላይ የሚንጠለጠለው፣ አዎ፣ ካሜራ ነበረው። የማይክሮሶፍት የጌም መሣሪያ የነበረው ኪኔክትም በካሜራ ነበር የሚሠራው፤ እሱ ግን ቲቪ አጠገብ ይቀመጥ ነበር እንጂ አይለበስም። ዛሬ እጅ ላይ የሚታሰሩት ግን በአብዛኛው ምንም አያዩም። አፕል በ2023 ሰዓቱ ላይ ያመጣውን «ደብል ታፕ» እንውሰድ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሁለቴ ሲነካኩ የእጅ አንጓ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ የደም ፍሰቱም ለቅጽበት ይለወጣል። ሰዓቱ አንዱን በእንቅስቃሴ ሴንሰሮቹ፣ ሌላውን በልብ ምት መለኪያው ይዞ አንድ ላይ ያመዛዝናል። ክፍሉ ቢጨልም ግድ የለውም።

«ሐሳብ ያነባል»

የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ የሠራው አምባር ስሙ «ኒውራል ባንድ» መሆኑ ሳይሆን አይቀርም ይህን ወሬ ያባባሰው። አንጎል ድረስ አይሄድም። እስቲ ግራ እጃችሁን ቀኝ ክንዳችሁ ላይ፣ ከክርን ዝቅ አድርጋችሁ አሳርፉና የቀኝ ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ አንቀሳቅሱ። ከቆዳው ሥር የሆነ ነገር ሲላወስ ይሰማችኋል። ጣት የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ዋናዎቹ ጡንቻዎች ያሉት እዚያ ነው፤ ጣቶቹን የሚጎትቱት በእጅ አንጓ በሚያልፉ ጅማቶች ነው። ጡንቻ ሲታዘዝ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። አምባሩ ቆዳ ላይ ሆኖ የሚለካው ይህንኑ ነው። ልባችሁ ያሰበውን ሳይሆን ጡንቻችሁ የታዘዘውን ብቻ ያውቃል። ሰው ሠራሽ እጅ የሚሠሩ ባለሙያዎች በዚህ ዘዴ መጠቀም ከጀመሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

ካናዳ ውስጥ የተቋቋመው ታልሚክ ላብስም ማዮ የሚባለውን የክንድ አምባር የሠራው በዚሁ መንገድ ነበር። ስምንት የጡንቻ ሴንሰር፣ አምስት ምልክት። በ2018 ሽያጩ ቆመ። በ2025 ግን የሜታ ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ነገሩን ወደፊት ገፋው። መሣሪያው አይቶት የማያውቀውን ሰው እጅ፣ ለዚያ ሰው ተብሎ ሳይስተካከል ማንበብ ችሏል። ብዕር እንደያዙ ሁሉ እጅን በማንቀሳቀስም በደቂቃ ወደ 21 ቃል ማስገባት ተችሏል። ስልክ ላይ በጣት ከሚጽፍ ሰው ገና ወደኋላ ነው፤ ግን ቀላል ነገር አይደለም።

«እጅን ሰፋ አድርጎ ማወናጨፍ ነው»

ተቃራኒው ነው። አየር ላይ የተዘረጋ ክንድ ቶሎ ይዝላል። የሙያው ሰዎች ይህን «የጎሪላ ክንድ» ይሉታል።

ከድካሙ የባሰው ግን ሌላ ነው። መሣሪያው እጃችሁ መንቀሳቀሱን ያውቃል፤ ማዘዛችሁን በምን ይወቅ? እኛ ደግሞ ስናወራ እጃችን አያርፍም። ወዳጃችሁን «ኧረ ባክህ ተወኝ!» ብላችሁ እጃችሁን ስታወናጭፉ፣ መሣሪያው «ቀጣዩን ዘፈን» ያላችሁት ሊመስለው ይችላል። ለዚህ ነው ማዮ ተቆልፎ ይቆይ የነበረው፦ መጀመሪያ አውራ ጣትና የመሐል ጣትን ሁለቴ ማነካካት፣ ከዚያ ትእዛዝ። የአፕሉም ሰዓት ስክሪኑ ካልነቃ ደብል ታፑን አይቀበልም። በእኔ እምነት ጥሩው ከመጥፎው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ስንት ምልክት ይለያል ከማለት ይልቅ ሳላዘው ስንቴ ይነሳብኛል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

«አንዱን ከገዛሁ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ይታዘዝልኛል»

ሻጮች ይህን ሲሉ ዝም ብላችሁ አትስሙ። ሰዓቱም አምባሩም በአብዛኛው የሚያወሩት በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ነው። የብዙዎቻችን ቲቪና ሪሲቨር ግን የሚሰሙት ኢንፍራሬድ ነው። ሪሞታችሁን ወደ ስልካችሁ የፊት ካሜራ አዙሩና አንዱን ቁልፍ ተጫኑ፤ ዓይን የማያየው መብራት በብዙ ስልኮች ስክሪን ላይ ብልጭ ብልጭ ሲል ይታያል። ይህ መብራት የሌለው ሰዓት ከቲቪው ጋር የሚግባባው በአስተርጓሚ ነው፦ ትእዛዙን በዋይፋይ ተቀብሎ በኢንፍራሬድ የሚልክ ትንሽ ሳጥን። ሳጥኑም ከቲቪው ፊት ለፊት መቀመጥ አለበት። ለመብራት ደግሞ ስማርት አምፖል ወይም ስማርት ሶኬት ሊገዛ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ትእዛዙን ሩቅ ባለ ሰርቨር በኩል ስለሚያዞሩት፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ሳሎን ያለው አምፖል ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ።

«የሰነፎች መጫወቻ ነው፤ ድምፅስ እያለ?»

በድምፅ ለማዘዝ መጀመሪያ ቋንቋችሁን የሚሰማ ይፈለጋል። በድምፅ የሚታዘዙት የአፕል ሲሪና የአማዞን አሌክሳ አማርኛ አይሰሙም። ጣት ማነካካት ደግሞ ቋንቋ አይፈልግም፤ የተኛ ሕፃንም አይቀሰቅስም።

ስንፍና ለሚለው፦ አፕል እነዚህን የጣት ምልክቶች ሰዓቱ ላይ መጀመሪያ ያስገባው በ2021 ነበር፣ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀው ክፍል። አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰው እዚያው እጁ ላይ ያሰረውን ሰዓት በምን ይንካ? ለብዙኃኑ በአዲስነት የተሸጠው ደብል ታፕ የመጣው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው።