ስም ደብቆ መጻፍ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ በብዕር ስም የሚጽፈውን ሁሉ ሰዉ በጅምላ «ፌክ አካውንት» ይለዋል፣ ግን ብር ለመብላት የተከፈተ አካውንትና አለቃውን ፈርቶ ስሙን የደበቀ ሠራተኛ አንድ አይደሉም። ልማዱ ከኢንተርኔት በፊትም ነበር፤ በ1966ቱ አብዮት ሰሞን «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» የሚባሉት የፖለቲካ ጽሑፎች ያለ ጸሐፊ ስም በድብቅ ይበተኑ ነበር።

ኢንተርኔት ላይ ነገሩ የጠበቀው 2004 ላይ ነው። ግንቦት ላይ ቶር (ተጠቃሚው ከየት እንደገባ የሚደብቅ ኔትወርክ ነው) ኢትዮጵያ ውስጥ መዘጋቱን የቶር ሰዎች ራሳቸው ይፋ አደረጉ። በዚያው ሰሞን ዞን ዘጠኝ የተባለው የወጣቶች ብሎግ ተጀመረ፤ ቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን ነበረው፣ ዘጠነኛው ከግቢው ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት ነው ስሙ። እነዚህ ጎበዞች ታዲያ አልተደበቁም፣ በገዛ ስማቸው ነበር የሚጽፉት። ሚያዝያ 2006 ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩና ክሱ ላይ ምን ቢገባ ጥሩ ነው፣ ኢንክሪፕሽን (መልእክትን ሌላ ሰው እንዳያነበው መቆለፍ) እና ራስን ኦንላይን መጠበቅ የሚያስተምር ስልጠና መውሰዳቸው! ሐምሌ 2007 የከፊሎቹ ክስ ተነሣ፣ ጥቅምት 2008 ደግሞ ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን እስከ 3 ዓመት ያስራል፣ ስም መደበቅን ግን ለብቻው ወንጀል አላደረገውም።

ስም መደበቅ ይከልከል የሚሉት የሚያነሡት የፕሮፌሰር መአረግ አማረን ጉዳይ ነው፣ እውነትም ከባድ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ የማንም ግለሰብ ስም የሌለበት «ቢዲዩ ስታፍ» የሚባል ገጽ ፎቷቸውንና ሰፈራቸውን ለጠፈ፣ ጥቅምት 2014 ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም ሪፖርት ባደርግም ሰሚ አጣሁ ብሎ ታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከሰሰ፣ መጋቢት 2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ክሱ የተመሠረተው ግን ስም በመደበቁ ላይ አይደለም፣ ካምፓኒው ፖስቱን ቶሎ ባለማውረዱና አልጎሪዝሙ (ለማን ምን ፖስት እንደሚታይ የሚመርጠው ሥርዓት) ጥላቻን አራገበ በሚለው ላይ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ቴሌግራም ላይ አካውንት ለመክፈት ስልክ ቁጥር ይጠየቃል፣ ሲም ካርድ የሚወጣው ደግሞ በመታወቂያ ነው። ቴሌግራም ቁጥርህን ከሌላ ተጠቃሚ ይደብቅልሃል፣ ሲሙን የመዘገበው ቴሌ ጋ ግን ስምህ እስከ አያትህ ተጽፏል፤ ስለዚህ በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው በአብዛኛው የሚደበቀው ከጎረቤት፣ ከአለቃና ከዘመድ ነው።