ሊኑክስ ስታክ ሲያደርግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳ ባለችው ጠባብ ቢሯችን ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) የተጫነበት ላፕቶፕ ስታክ ካደረገ የሁሉም ጣት የሚሮጠው ወደ ፓወር ቁልፉ ነው። «ተጭነህ ያዘው፣ ይጠፋል!» አንዱ ባልደረባዬ የግማሽ ቀን ሥራውን ያጣው እንዲህ ነው። ቢሮ ውስጥ የምሰማቸውን አባባሎች እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ማውሱ ካልተንቀሳቀሰ ማሽኑ ሞቷል።»

ብዙ ጊዜ የሚደርቀው ስክሪኑ ላይ የምናየው ክፍል ነው። ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ከሥር እየሠራ ይሆናል። ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ተጫኑ። ጥቁር ስክሪን መጥቶ ስምና ፓስወርድ ከጠየቃችሁ ተርፋችኋል። ግቡና «ቶፕ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፋችሁ ራሙን የበላውን ፕሮግራም ፈልጉ፤ እሱን ብቻ ዝጉት። እኛ ጋ ጥፋተኛው ሁሌም ያው ብሮውዘር ነው። 4 ጊጋ ራም ላይ 40 ታብ! ራሙ ሞልቶ ወደ ዲስክ መገልበጥ ሲጀምር ማሽኑ የሞተ ይመስላል እንጂ እየተንፏቀቀ ነው። የዲስኩ መብራት እየሠራ ከሆነ ወርዳችሁ ማኪያቶ ጠጥታችሁ ተመለሱ። የካፕስ ሎክ መብራት በራሱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ከርነሉ ራሱ ወድቋል፤ ማኪያቶም አያድነው።

«ኤክስት 4 ጆርናል ስላለው በኃይል ቢጠፋም ምንም አይሆንም።»

ኤክስት 4 ሊኑክስ ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጅበት ሥርዓት (ፋይል ሲስተም) ነው፤ ጆርናል ደግሞ ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግብበት ማስታወሻው። ይህን የሚሉት ትንሽ የሚያውቁት ናቸው፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚያምናቸው። ጆርናሉ በተለመደው አሠራሩ የሚጠብቀው የፋይል ሲስተሙን መዋቅር ነው። የፋይሉን ይዘት አይመዘግብም። የጻፋችሁት ነገር ዲስክ ላይ ሳይደርስ 30 ሰከንድ ያህል ራም ላይ ሊቆይ ይችላል። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ አይደነግጥም። ቁልፉን ተጭነን ስንይዘው ግን በገዛ እጃችን መብራት አጠፋንበት።

«ስድስቱን ፊደል አውቃለሁ፣ አልጨነቅም።»

አር፣ ኢ፣ አይ፣ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ። የደረቀን ማሽን በጥንቃቄ ሪስታርት ማድረጊያ ናቸው፤ ኦልትና ፕሪንት ስክሪንን ይዞ በተራ መጫን ነው። አር ኪቦርዱን ከደረቀው ስክሪን ያስለቅቃል። ኢ ፕሮግራሞቹን በልመና ይዘጋል፣ አይ በግድ። ኤስ ራም ላይ የቀረውን ዲስክ ላይ ይጽፋል። ዩ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ያደርገዋል፣ ቢ ሪስታርት ያደርጋል። ኡቡንቱ ላይ ግን የትኛው ፊደል እንደሚሠራ የሚወስነው፣ ሲስተሙ ሲጫን የሚቀመጠው የፈቃድ ቁጥር 176 ነው፦ 16 ለኤስ፣ 32 ለዩ፣ 128 ለቢ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ዝም ይላሉ። ደግነቱ ዲስኩን የሚያድኑት የመጨረሻዎቹ ናቸው። አትቸኩሉ፣ በየመሃሉ ጥቂት ሰከንድ ስጡት። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን ቁልፍም ይጨመራል።

«ተነሳ፣ አለቀ።»

ተርሚናል (ትእዛዝ መጻፊያው መስኮት) ላይ «ጆርናልሲቲኤል» ብላችሁ ሰረዝ ቢ፣ ሰረዝ 1 ጨምሩ፤ ከመነሳቱ በፊት የነበረውን መዝገብ ያወጣላችኋል። መጨረሻው አካባቢ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» (ራም አልቋል) የሚል ካያችሁ ታቦቻችሁን ቁጠሩ።