በደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ማንነት፣ ቋንቋና የወንጀል ፍትሕ

ከአዲስ አበባ በከሚሴ አድርጎ ወደ ደሴና መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ከሚወርደው መንገድ ጋር ኮምቦልቻ ላይ ይገናኛል። ስለዚህ የአካባቢው ፖሊስ ጣቢያና ችሎት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛና ትግርኛ ተናጋሪ ይቀርብበታል። ሌላ አገር በቆዳ ቀለም የሚነሳው የአድልዎ ጥያቄ እዚህ በብሔር፣ በስምና በአነጋገር ይነሳል።

ሕጉ ላይ ጉድለት የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በዘር፣ በብሔርና በቋንቋ አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ አንቀጽ 20 ደግሞ ለተከሰሰ ሰው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይፈቅዳል።

ነገሩ የሚበላሸው ከችሎት በፊት፣ ፖሊስ ቃል ሲቀበል ነው። በአማራ ክልል ባለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከሚሴና ባቲ፣ የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው፤ ያው የባቲ ገበሬ ኮምቦልቻ ላይ ቢያዝ መዝገቡ በአማርኛ ይከፈታል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 27 ብቃት ያለው አስተርጓሚ እንዲቀርብና የጥያቄና መልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። አስተርጓሚ ተብሎ የተገኘው የመርማሪው ባልደረባ ከሆነ ግን ማረጋገጫው ምን ያህል እንደሚታመን መገመት አያቅትም። «ሲመታኝ መለስኩለት» ያለው ሰው ቃል «መታሁት» ተብሎ ከሰፈረ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 የተፈቀደለት ሕጋዊ መከላከል ገና ከጣቢያ ሳይወጣ ተሸረሸረ ማለት ነው። ዳኛው በኋላ የሚያነበው ይህንኑ ወረቀት ነው።

ኬላ ላይ ደግሞ ቃል እንኳ አይጠየቅም። በብዙ ቦታ በቀበሌ መታወቂያ ላይ ይሰፍር የነበረው «ብሔር» ብቻውን ለጥርጣሬ ይበቃ ነበር። በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት ሰሞን በመላ አገሪቱ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝን ፈቀደ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ አዲስ አበባ ውስጥ የነበረው እስር ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ገልጾ ስጋቱን አሰምቷል። አዋጁ በየካቲት 2014 ተነሳ። አዲሱ ብሔራዊ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ብሔር አይመዘግብም፤ ስምና አነጋገር ግን እንዳሉ ናቸው።

ያለአግባብ የታሰረ ሰው ፍርድ ቤት ከእስር እንዲያስፈታው የሚጠይቅበትን አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ድንጋጌው የሚገኘው፣ ብዙዎች እንደማይጠብቁት፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 ነው። አቤቱታው ሰውየውን ማን እንደያዘው ማመልከት ስላለበት፣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ከጠበቃ ቤት በፊት የታሰረበትን ጣቢያ ፍለጋ ነው።