ተንቀሳቃሽ አነስተኛ መጠለያ ለቤት አልባ ሰዎች፦ የንድፉ ታሪክና አሠራር

ተንቀሳቃሽ አነስተኛ መጠለያ የሚባለው፣ ቋሚ ማደሪያ የሌለው ሰው ለብሶት፣ ተሸክሞት ወይም ገፍቶት ከቦታ ቦታ ሊያዘዋውረው የሚችል፣ አንድ ወይም ቢበዛ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ማደሪያ ነው። ከስደተኞች ጣቢያ መጠለያ የሚለየው በመጠኑ ብቻ አይደለም። ለስደተኛው መጠለያ የሚተከልበት ቦታ አስቀድሞ ይመደብለታል፤ ለዚህኛው ግን የተመደበ ቦታ የለም። ማታ የተዘረጋበት ንጣፍ ሲነጋ የሌላ ሰው መተላለፊያ ይሆናል። ስለዚህ ሠሪው ስለ ጣሪያና ስለ ግድግዳ ከማሰቡ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ሲነጋ ይህ ነገር ወዴት ይሄዳል? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

በዘርፉ የተጻፈው ነገር በአብዛኛው ከሰሜን አሜሪካና ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዙት የሥነ ጥበብ ሰዎች ናቸው። ጎዳና ላይ የሚያድሩት ሰዎች ራሳቸው ከካርቶን፣ ከላስቲክና ከገመድ የፈጠሯቸው ብልሃቶች ግን ሲነጋ ስለሚፈርሱ ፎቶግራፍ የሚያነሳቸው እምብዛም አልተገኘም። ጃፓናዊው ኪዮሄይ ሳካጉቺ በቶኪዮ የወንዝ ዳርቻዎች በሰማያዊ ሸራ የተሸፈኑ፣ ከመኪና ባትሪ መብራት የሚያገኙ ቤቶችን በጥንቃቄ መዝግቧል። እንዲህ ያለ ትጋት በሌላውም ቦታ ቢኖር ኖሮ የዘርፉ ታሪክ ከሙዚየም ሳይሆን ከመንገድ በጀመረ ነበር።

ቀደምት ናሙናዎች

ግሪካዊው ፈላስፋ ዲዮጋንስ በትልቅ የሸክላ ጋን ውስጥ ያድር እንደነበር ይተረካል። የቆሮንቶስ ሰዎች ለጦርነት ሲጣደፉ እርሱም ሥራ ፈት ላለመባል ጋኑን ወዲያና ወዲህ ያንከባልል ነበር መባሉ እውነት ከሆነ፣ ተንቀሳቃሽ መጠለያ የዚያን ያህል የቆየ ሐሳብ ነው ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት ለንደን ውስጥ በአራት ፔኒ የሚያሳድርባቸው፣ በሰልፍ የተደረደሩ የእንጨት ሣጥኖች ነበሩት፤ ሕዝቡ «የአራት ፔኒ የሬሳ ሣጥን» ይላቸው ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ አርኪግራም በተባለው የእንግሊዝ አርክቴክቶች ቡድን ውስጥ የነበረው ማይክል ዌብ፣ በጀርባ ተሸክመውት በአየር የሚነፋ ቤት ነድፏል። ያ ሥራ ለቤት አልባ ሰዎች የታሰበ አልነበረም።

ኒውዮርክና ቦስተን፣ ከ1988 እስከ 1998

የዘርፉ እውነተኛ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው ዋርሶ የተወለደው የሥነ ጥበብ ሰው ክሺሽቶፍ ቮዲችኮ በ1988 ኒውዮርክ ላይ ለሕዝብ ያሳየው ጋሪ ነው። ቮዲችኮ ሥራውን የጀመረው ባዶ ጣሳና ጠርሙስ በመልቀም የሚተዳደሩ ቤት አልባ ሰዎችን በማማከር ነበር። የኒውዮርክ ሕግ ከ1983 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ጣሳ የ5 የአሜሪካ ሳንቲም መያዣ ያስከፍል፣ ባዶውን ለመለሰ ሰውም ያስመልስ ስለነበር፣ ጣሳ መልቀም መደበኛ ሥራ ሆኖ ነበር፤ መሣሪያው ደግሞ ከሱፐርማርኬት የተወሰደ የዕቃ መግፊያ ጋሪ ነው። ለቃሚዎቹ ከጣሪያ በፊት የጠየቁት የተሻለ ጋሪ ነው። ጣሳ የሚይዝ፣ የሚቆለፍ፣ የማይገለበጥ ይሁን አሉ። መኝታው የመጣው በዚህ ላይ ተጨምሮ ነው።

የተሠራው ነገር ቀን ቀን ጋሪ ነው። ማታ ክፍሎቹ አንዱ ከሌላው ውስጥ እየተሳቡ ይወጡና ሰው ተጋድሞ የሚያድርበት ረጅም ሣጥን ይሆናል። ከፊቱ ያለው ሾጣጣ ብረት ሲከፈት መታጠቢያ ሳህን ይወጣዋል። ሲዘጋ ደግሞ ጋሪው ቁርጥ ሚሳይል ይመስላል፤ ይህም ሳይታሰብ የሆነ አይደለም። ቮዲችኮ ጋሪው የመኖሪያ ቤት ችግር መፍትሔ ነው ብሎ አያውቅም፤ የፈለገው በየበሩ ደፍ ላይ ተጠቅልሎ የሚተኛው ሰው ከእይታ እንዳይሰወር ነው። ጋሪው በጥቂት ናሙናዎች ተሠርቶ በኒውዮርክ ጎዳናዎች ላይ ተገፍቷል እንጂ በብዛት አልተመረተም። አንዳንድ ሃያስያን በዚህ ምክንያት «ከንቱ ትርኢት» ይሉታል። ፍርዱ የቸኮለ ይመስላል፤ ከዚያ ወዲህ በዘርፉ የተሠራ ጋሪ ሁሉ አንድ ነገር ከዚህ ጋሪ ወስዷል፤ እርሱም ከመሠራቱ በፊት ተጠቃሚውን መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ፈር ቀዳጅ የሥነ ጥበብ ሰው ማይክል ራኮዊትስ ነው። በ1997 ወደ ዮርዳኖስ ተጉዞ በደዊን የተባሉት የበረሃ ዘላኖች ድንኳኖች የነፋሱን አቅጣጫ እያዩ ሲተከሉ ተመለከተ። ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ትምህርቱ ሲመለስ በክረምት ከትልልቅ ሕንፃዎች ግድግዳ የሚወጣ ሞቃት አየር በከንቱ ሲባክን አስተዋለ፤ ቤት አልባ ሰዎችም በእነዚያ ማስወጫዎች ሥር ተኮልኩለው ያድሩ ነበር። መፍትሔው ድርብ ግድግዳ ያለው የላስቲክ ድንኳን ሆነ። ቱቦው ከአየር ማስወጫው ጋር ሲያያዝ የሕንፃው ሞቃት አየር በሁለቱ ላስቲኮች መካከል ገብቶ ድንኳኑን ይነፋዋል፤ ያቆመዋልም፤ ያሞቀዋልም። ምሰሶ የለው፣ ካስማ የለው። ሲነጋ ቱቦው ይነቀልና ድንኳኑ ተጣጥፎ ይያዛል። የሚሠራው ከፌስታል፣ ከምግብ መያዣ ላስቲክና ከማጣበቂያ ፕላስተር ስለነበር ወጪው ከጥቂት ዶላሮች አይበልጥም ነበር።

መጀመሪያ ራኮዊትስ ጥቁር ላስቲክ ነበር የመረጠው፤ ሰው ገመናውን መሸፈን ይፈልጋል ብሎ አስቦ። ተጠቃሚዎቹ ግን መስኮት ይኑረው አሉ። ሌሊት የሚመጣባቸውን ማየት ይፈልጋሉ፤ ከዚያም በላይ እነርሱ ራሳቸው መታየት ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ብርሃን አሳላፊ ሆኑ።

ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ከ3 ጫማ ተኩል፣ ማለትም ከ1 ሜትር ከ7 ሴንቲ ሜትር ያህል በላይ ከፍታ ያለው ነገር ሕገ ወጥ ድንኳን ተብሎ ይነሳ ስለነበር፣ ራኮዊትስ ከዚያ ያነሰ ከፍታ ያለው ሠራ። ፖሊሶች ሊያስነሱ መጡና ለኩት፤ ከመስፈርቱ በታች ሆኖ ስላገኙት ትተውት ሄዱ። ተቋሙ በሚገኝባት፣ ከቦስተን አጠገብ ባለችው ካምብሪጅ ላይ ግን ማስወጫዎቹ እንዳይተኛባቸው ተደርገው ተዳፋት ፍርግርግ ተገጥሞላቸዋል፤ ንድፍን በንድፍ መመከት ማለት ይህ ነው።

ሰውነት፣ ወለልና አየር

ነገሩ ከሚመስለው በላይ ምሕንድስና የሚጠይቅ ነው። የተኛ ሰው ከ70 እስከ 80 ዋት የሚደርስ ሙቀት ያመነጫል፤ አንድ የድሮ አምፖል ያህል መሆኑ ነው። መጠለያው 2 ሜትር ርዝመት፣ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከፍታ ኖሮት በ5 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ፎም ከተሸፈነ፣ ይህች ሙቀት ብቻዋን ውስጡን ከውጭው አየር 8 ወይም 10 ዲግሪ ያህል ልታሞቀው ትችላለች። ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ሙቀቱን መበተን ነው። በሌላ በኩል ቀና ብሎ መቀመጥ የማይቻልበት ሣጥን ማንንም ያስጨንቃል፤ ለዚህም ነው አብዛኞቹ ሠሪዎች 1 ሜትር አካባቢ ላይ የሚስማሙት።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ወለሉ ላይ ነው። ግድግዳውን በሁለት ድርብ ይሸፍኑና ወለሉን አንድ ሳንቃ ይተዉታል። የመኝታ ከረጢት ከሰውነት ሥር ሲጨፈለቅ አየሩን ስለሚያጣ ሙቀት መያዙን ያቆማል፤ ቅዝቃዜው ከኮንክሪቱ በቀጥታ ወደ ጎን አጥንት ይገባል። ወለሉ ወፍራም ፎም ሊኖረው፣ ዝናብ ሲጥል ጎርፍ በሥሩ እንዲያልፍም ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ሊል ይገባዋል።

ቀጥሎ ያለው ጠላት ትንፋሽ ነው። ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በቆዳው ወደ 300 ግራም የሚጠጋ ውኃ ያወጣል። ቀዳዳ በሌለው የላስቲክ መጠለያ ውስጥ ይህ ውኃ የሚሄድበት ስለሌለው ግድግዳው ያልበዋል፤ ንጋት ላይ ጠብታው በክንድ ሲነካ ወደ አንገት ይወርዳል፣ ብርድ ልብሱም ይርሳል። የረጠበ ብርድ ልብስ ደግሞ ከሌለው አይሻልም። ስለዚህ ከላይና ከታች ሁለት ማስተንፈሻ የግድ ነው፤ ቅዝቃዜ ያስገባል ተብሎ የሚደፈነውም መጀመሪያ እርሱ ነው። አደጋው ከእርጥበትም ይከፋል፤ ሻማ ወይም ትንሽ ምድጃ በዝግ ሣጥን ውስጥ ከተለኮሰ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተኝቶ ያለውን ሰው ሳያነቃ ይገድለዋል። ፎሙ ራሱም በቀላሉ ተቀጣጣይ ነው።

ክብደት ሌላው ጣጣ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከላይ የተጠቀሰው ሣጥን ከሦስት በላይ ይፈልጋል። ዕቃው ሳይጫንበት 60 ኪሎ ግራም አለፈ ማለት ነው። ብዙዎች ወደ ባለ ቦይ ፕላስቲክ ሰሌዳ የሚያዘነብሉት ለዚህ ነው፤ በቢላ ይቆረጣል፣ ውኃ አያስገባም፣ ቦዮቹም አየር ይይዛሉ። ግን በስለት ይቀደዳል፤ ሌሊት ደጅ ለሚተኛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መንኮራኩርን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው፦ በአግድም ሲገፋ ከራዲየሱ የሚበልጥ እርከን መውጣት አይችልም። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ብዙ ጊዜ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከቢሮ ወንበር የተፈቱ ትንንሽ ጎማዎች በመጀመሪያው መሻገሪያ ላይ ይቆማሉ። የብስክሌት ጎማ የተሻለ ነው፤ ቢተነፍስ ግን የሚጠግንበት ገንዘብ ያስፈልጋል። መቆለፊያው ከውስጥ የሚከፈት፣ መውጫውም ከአንድ በላይ መሆን አለበት።

ሣጥኖችና ጋሪዎች

በ1987 አትላንታ ውስጥ የጆርጂያ ቴክ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ማድ ሃውዘርስ የተባለውን ቡድን መሥርተው ለቤት አልባ ሰዎች የእንጨት ጎጆ መሥራት ጀመሩ። ከሥራቸው የሚታወቀው ባለ 6 በ8 ጫማ ወለል ጎጆ ተንቀሳቃሽ ለመባል ይከብዳል፤ በክፍልፋይ ተሠርቶ በጥቂት ሰዓት የሚገጣጠም በመሆኑ ግን እዚህ ይጠቀሳል። በዚያው ዘመን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አርክቴክቱ ዶናልድ ማክዶናልድ የአንድ ሰው መኝታ ሣጥን ሠርቷል።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ የፊልም አዘጋጁ ፒተር ሳሙኤልሰን ያስጀመረው ባለ አራት ጎማ ጋሪ፣ ቀን ዕቃ መያዣ፣ ማታ የሸራ ጣሪያ ያለው አልጋ ነው፤ የአንዱ ወጪ 500 ዶላር ያህል ይገመት ነበር። ኦክላንድ ውስጥ ቀራፂው ግሪጎሪ ክሎን ከተጣለ ዕቃ ብቻ እየሠራ ጎማ ላይ ያቆማቸው ቤቶች ልዩ መልክ አላቸው፤ መስኮታቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ክብ መስታወት፣ በራቸውም የማቀዝቀዣ በር ሆኖ ይገኛል። በ2015 ኤልቪስ ሰመርስ በሎስ አንጀለስ ለአንዲት ጎረቤቱ ባለ ጎማ ጎጆ ሠራ፤ ሥራው ተስፋፍቶ ብዙ ከተሠራ በኋላ በ2016 መጀመሪያ ከተማው ጥቂቶቹን ነጥቆ ወሰደ። ቶሮንቶ ውስጥ አናጺው ካሊል ሲቭራይት በ2020 በመስታወት ሱፍ የተሸፈኑ፣ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ የተገጠመላቸው ሣጥኖች እየሠራ በየመናፈሻው ማስቀመጥ ጀመረ። ከተማው የእሳት አደጋን ጠቅሶ በ2021 ፍርድ ቤት ሄደ፤ በዚያው ዓመት በስምምነት ተጠናቀቀ፣ እርሱም በከተማው መሬት ላይ ማስቀመጡን አቆመ። የከተማው ስጋት መሠረተ ቢስ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም አናጺው የገጠመው ጠቋሚ በብዙ የኪራይ ክፍሎች ውስጥ እንኳ አይገኝም።

የሚለበሱ

ፓሪስ ውስጥ የምትሠራው ሉሲ ኦርታ ከ1992 ጀምሮ ወደ ድንኳንነት የሚለወጡ ካፖርቶች ሠርታለች። ዲትሮይት ውስጥ ቬሮኒካ ስኮት ወደ መኝታ ከረጢት የሚለወጥ ካፖርት ነድፋ፣ የሚሰፉትን ሠራተኞች ከመጠለያ ውስጥ ቀጥራለች። የኔዘርላንዱ ባስ ቲመር በ2014 የጀመረው ካፖርት ደግሞ ከተጣሉ ድንኳኖችና የመኝታ ከረጢቶች ይሰፋል፤ የታችኛው ክፍል በዚፕ ይያያዛል፣ ቀን ይፈታል።

ሕግ

ከሎስ አንጀለስ ጋር በተያያዘ ክርክር የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2012 ከተማው ባለቤቱ ለጊዜው የራቀበትን የግል ዕቃ ያለማስጠንቀቂያ ወስዶ ማጥፋት እንደማይችል ወሰነ። በ2016 ግን ከተማው በመንገድ ላይ የሚቀመጥን የግል ዕቃ በ60 ጋሎን፣ ማለትም በ227 ሊትር ገደበ፤ አንድ ትልቅ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ በርሜል ያህል ነው። ከላይ ያሰላነው ሣጥን 1,800 ሊትር ይይዛል። በሰኔ 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግራንትስ ፓስ ከተማ ጉዳይ በ6 ለ3 ድምፅ ከተሞች ደጅ ማደርን ሊቀጡ እንደሚችሉ ፈረደ።

ክርክሩ

ዋናው ነቀፋ ከ«ቅድሚያ ለቤት» አቀንቃኞች ይመጣል። በ1992 ሳም ጸምበሪስ ኒውዮርክ ውስጥ በጀመረው በዚህ አሠራር ሰው በቅድሚያ ያለ ቅድመ ሁኔታ መኖሪያ ይሰጠዋል፤ ሕክምናውም ሌላውም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሣጥን መሥራት ባለሥልጣናቱን ከኃላፊነት ያሳርፋቸዋል ይላሉ። ሠሪዎቹ መኖሪያ ቤት መሻሉን አይክዱም፤ የሚያነሱት የዛሬውን ሌሊት ብቻ ነው። ሁለቱም ወገን እውነት ይናገራል፤ በብርዱ ደጅ ቆመው ብሎን የሚያስሩት ግን ሠሪዎቹ ናቸው።

አንዳንድ ከተሞች መካከለኛ መንገድ ሞክረዋል። በጀርመን ኡልም በጥር 2020 ከእንጨትና ከብረት የተሠሩ፣ እስከ ሁለት ሰው የሚይዙ ማደሪያዎች በአደባባይ ቆሙ። የፀሐይ ኃይል ማመንጫ አላቸው፤ ካሜራ ግን ሆን ተብሎ አልተገጠመላቸውም። በሩ ሲከፈት መልእክት ይተላለፋል፤ ጠዋት ማኅበራዊ ሠራተኛ መጥቶ ያጸዳና ለሚቀጥለው ሌሊት ያሰናዳዋል።