አሯሯጭ ምንድን ነው?

በትልልቅ ማራቶኖች ከፊት ሲመሩ የቆዩ ሁለት ሦስት ሯጮች 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ በድንገት ወደ ዳር ይወጣሉ። ብዙ ተመልካች "ደከሙ" ይላል። አልደከሙም፤ ሥራቸውን ጨርሰው ነው። አሯሯጭ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ የውድድሩ አዘጋጅ ከፍሏቸው፣ ከተፎካካሪዎቹ ጋር እኩል ተነስተው፣ የተስማሙበትን ፍጥነት ሳያዛንፉ እስከተባለው ርቀት ይመራሉ። በውጤት ዝርዝሩ ላይ ግን ከስማቸው ጎን የሚጻፈው "አቋርጧል" የሚል ነው።

ሥራው የሰከንድ ሥራ ነው። በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ገደማ መግባት የሚፈልግ ቡድን እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ፣ 5 ኪሎ ሜትሩን በ14 ደቂቃ ከ50፣ ግማሹን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ35 መሮጥ አለበት። ጀማሪ አሯሯጭ በመነሻው ሆታ ተገፍቶ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ50 ያልፋል። ያተረፈው 8 ሰከንድ ትርፍ ይመስላል፤ ግን በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር ያለጊዜው ይነድና ከ35ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ተከታዩ እግሩ ይከዳዋል። ሌላው የተለመደ ስህተት መጠጥ የሚነሳበት ቦታ ላይ የሚፈጸመው ነው፤ ተከታዮቹ መጠጣቸውን ሲያነሱ አሯሯጩ ወደ ኋላ ሳያይ ይገሰግሳል፣ እነሱም ክፍተቱን ለመዝጋት ሳይፈልጉ ይፈተለካሉ። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ደግሞ አሯሯጮች ጎን ለጎን ሆነው ይከልላሉ።

ስለዚህ አሯሯጭ ከሚመራበት ፍጥነት በላይ አቅም ሊኖረው ይገባል። በግድ የሚተነፍስ ሰው ሰዓቱን ማየት አይችልም። ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው፦ ጉልበት እያለው መውጣት።

ውሉ ከፈቀደ ግን መጨረስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በርሊን ላይ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ2:04:55 የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ አሯሯጩ ሳሚ ኮሪር ሳይወጣ ቀርቶ በ1 ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ በ2:04:56 ገባ። የቀድሞው ክብረ ወሰን 2:05:38 ነበር፤ አሯሯጩም ከዚያ ባነሰ ሰዓት ሮጧል ማለት ነው።

ክብረ ወሰን እንዲጸድቅ አሯሯጩ ከመነሻው ጀምሮ በውድድሩ ውስጥ ያለ ሯጭ መሆን አለበት። ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ እ.ኤ.አ. በ2019 ቪየና ላይ በ1:59:40 ሲገባ 41 አሯሯጮች እየተፈራረቁ ስለመሩት ሰዓቱ በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም። ሴቶች ከወንድ አሯሯጭ ጋር የሮጡበት ማራቶንና ሴቶች ብቻ የሮጡበትም የተለያየ ክብረ ወሰን አላቸው።

በኦሊምፒክ የሚከፈለው አሯሯጭ የለም፤ ሸክሙ የሚወድቀው በአገር ልጆች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከእግር ጉዳት ጋር እየታገለ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ዞር እያሉ ፍጥነታቸውን ቀነሱለት፤ ሜዳሊያ የሚያሳጣ አደጋ ነበር። እንደማይደርስ ሲረዱ ለቀቁት። ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፤ ኃይሌ 5ኛ ሆኖ ገባ።